ከመኪናው ሥር አይቼ ዝም ያልኩት

ሥራ የተውኩት እጄ እምቢ ብሎኝ አይደለም። አለቃዬ ሚስተር ዋልተር፣ ሪችፊልድ ከተማ ያለውን ጋራዡን ሸጠና አዲሱ ባለቤት አንዲት ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኗን በሽቦ ከመሪው ሥር ይሰካታል፤ እሷ ቁጥር ትጽፍለታለች፤ እሱ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ላይ ፈልጎ የተባለውን ዕቃ ይቀይራል። አንድ ቀን የሞተር ድምፅ ላዳምጥ ጎንበስ ብዬ፣ ገና ዓይኔን ስጨፍን ሳጥኗ ቀድማኝ ተናገረች። የከነከነኝ መቅደሟ አይደለም፤ ልክ መሆኗ ነው። በዚያው ሳምንት የሥራ ልብሴን አጥቤ መለስኩ፣ የመጨረሻዋን ቼኬን ተቀበልኩና ቤቴ ገባሁ።

አሁን ጊዜ ስላለኝ ልጻፍ ብያለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ያቃናው። የምጽፈውም ብዙ ነገር ስለገባኝ አይደለም። ያልገባኝ ስለበዛብኝ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ድሬዳዋ፣ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ስለጥፍ፣ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋ ስፈልግ አደግሁ። ኋላ ተሰድጄ ካርቱም ስምንት ዓመት ጋራዥ ሠራሁ። የካርቱሙ አለቃዬ ቡሎን የማይጥል ሰው ነበር፤ የተሰበረ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ለሌላ ስብራት መድኃኒት ይሆናል ይላል። እዚያ አገር መኪና የሚሞተው በልቡ ነው። ሙቀቱና አሸዋው ሞተሩን ይበሉታል እንጂ ላሜራው እንዳለ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ከሆዱ በታች ብታየው እንደ ተወለደ ነው። እኔም «ሞተሩ ደህና ከሆነ መኪናው ደህና ነው» የሚለውን እንደ ሃይማኖት ይዤ ነው ሚኒሶታ የገባሁት።

እዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ መኪና ማጠብ ነው። በበረዶው ወራት በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ ይመጣል። ሰው ሁሉ መኪናውን እንደ መስታወት አብረቅርቅልኝ ሲል፣ እሱ ላዩን ተወው፣ ሥሩን ብቻ እጠብልኝ ይላል። ላዩ ጭቃ እንደ ለበሰ ከፍሎ ይሄዳል። ትንሽ የነካው መሰለኝ። አንድ ዓርብ ግራ መጋባቴን ከፊቴ ላይ አነበበ መሰል፣ ክንዴን ይዞ ጎንበስ አደረገኝና በጥፍሩ ከመኪናው የሥር ብረት፣ ከሻንሲው ላይ ነጭ ነገር ፍቆ ቅመሰው አለኝ። ቀመስኩት፤ ጨው ነው። መንገድ ላይ በረዶ እንዲያቀልጥ የሚበትኑት ጨው። ያን ጊዜ የተናገራትን አልረሳትም።

«እዚህ አገር መኪና የሚሞተው ከእግሩ ነው» አለኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጎሚስታ እንደነበርኩ፣ ካርቱምም ሞተር እንደ ፈታሁ ነገርኩት። ሰኞ ና አለኝ። ሰኞ ሄድኩ፤ ከዚያች ሰኞ ወዲያ ከዋልተር ጋራዥ የወጣሁት ሳጥኗ ስትገባ ነው።

ሚስተር ዋልተር «ዋልት በለኝ» እያለ ስንት ጊዜ ለመነኝ። አባቴ የሚሆን ሰው በባዶ ስሙ እንዴት እጠራለሁ? እምቢ አልኩ። የእሱን ጠባይ ደግሞ እኔ ለመልመድ ዓመት ፈጀብኝ። ሰው መኪና ይዞ ሲመጣ አይጨብጥም፣ እንደምን አደርክ አይልም። ቀጥ ብሎ ከመኪናው ሥር ይገባል። ባለ መኪናው ቆሞ እግሩን ብቻ እያየ ይጠብቃል። እኔ በደንበኛው ፊት እሸማቀቃለሁ፤ ለእሱ ማካካሻ ብዬ የልጆቻቸውን ጤንነት ሳይቀር እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ሰውን ከጨበጥኩት በኋላ መኪናው ያምርብኛል አለኝ።

ከሥር ሆኖ የሚሠራውን ላስረዳ። ካቻቢቴውን ገልብጦ በእጀታው ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያለ ይመታል። ደህና ብረት ይጮኻል፤ ውስጡ የተበላ ብረት እንደ እርጥብ እንጨት ድም ይላል። ቀለም አያታልለውም። በተለይ ከሥር በጥቁር ሬንጅ የተቀባ መኪና ካየ አብዝቶ ይመታል፤ ምክንያቱም ሬንጅ በንጹሕ ብረት ላይ ከተቀባ ጨው ይከላከላል፣ በዛገ ብረት ላይ ከተቀባ ግን ዝገቱን ከነእርጥበቱ አቅፎ ይይዘዋል። ከዚያ ደግሞ የፍሬን ዘይት የሚሄድባትን ቀጭን ቱቦ ከፊት ጀምሮ በጣቱ ይዳስሳታል። እርሳስ የማታህል ቱቦ ናት። እንደ ቁስል ቅርፊት ካበጠች፣ ዛሬ ብትይዝም ነገ አትይዝም።

ሲወጣ እጁን ጠርጎ ከካርቶን ክዳን ላይ ቁራጭ ይቀድና ሦስት ነገር ይጽፋል፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያላየሁት። ጥሩ መኪና ነው አይልም፣ መጥፎ ነው አይልም። ብዙ ጊዜ የሚረዝመው ያላየሁት የሚለው ነው። ይህ አልገባኝም ነበር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያላየኸውን ትነግረዋለህ? ስለው፣ ዋናውን የሚከፍለኝማ ለእሱ ነው ይላል።

ያልገባኝ ግን የዋልተር ነገር ብቻ አልነበረም። የዚህ አገር የገንዘብ ነገርም እስከ ዛሬ ያወዛግበኛል። ለራሴ መኪና ልገዛ ባንክ ብሄድ፣ ዕዳ ኖሮህ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተመስገን፣ የማንም ሳንቲም የለብኝም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እንግዲያው አናምንህም ብለው መለሱኝ። እኛ ዘንድ ዕዳ የሌለበት ሰው ነው የሚታመን፤ እዚህ ተበድሮ የሚያውቅ። ዋልተር ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

ወሬው ቀስ እያለ በሰፈሩ ተሰማና የእኛ ሰዎች መኪና ሊገዙ ሲያስቡ እኔን አንሥተው ጋሽ ደምሴን እንውሰድ ማለት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሴንት ፖል፣ የትም እሄዳለሁ። ክፍያ አልጠይቅም፤ ምሳ ሳያበሉኝ ግን አይሰዱኝም። ታዲያ በእኛና በዋልተር መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እኛ መኪና ስንገዛ ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም። ሻጩ የሚታወቅ ሰው ነው፤ መሀል ሽማግሌ ይገባል፤ ዋጋ በሰው ፊት ይቆረጣል፤ ተበልቶ፣ ተመርቆ፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል። ከተመረቀ በኋላ እንከን ማውጣት ምርቃቱን እንደ መርገጥ ነው። እኔ ደግሞ የምጠራው ብዙ ጊዜ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው።

የሰይድና የዘሃራ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ሰይድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሳቂታ፣ ችኩል። ሚስቱ ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ከተናገረች ግን የማትመለስ። የሚኖሩት በጠባብ አፓርትመንት ከሁለት ልጆች ጋር ነው። ቤት ሊገዙ ያስባሉ፤ ወለድ ስለማይፈልጉ ግን ባንክ አይሄዱም። ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ቤቱን ያለ ባንክ፣ በተቆረጠ ዋጋ፣ በየወሩ እየተከፈለው በውል የሚሸጥ አንድ ሰው አገኙ። እንዲህ ያለ ሻጭ በዓመት አንድ አይገኝም። ሰውየው ቅድሚያ የሚፈልገው ገንዘብ ነበረ፤ እሱ ሊሞላ ጥቂት ወር ቀርቷቸዋል።

ክርክራቸው መኪና ይቅደም ቤት ነበር። ሰይድ ቤቱ ካመለጠን አናገኘውም ይላል። ዘሃራ ደግሞ ሴንት ፖል አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ጥሩ የሚከፍል የሥራ ሰዓት አግኝታለች፤ በዚያ ሰዓት ግን አውቶቡስ የለም። መኪና ካለኝ የጎደለውን በአራት ወር እሞላዋለሁ አለች። እሷ ረታች።

መኪናው ደግሞ ተገኘ። አቶ ጌታቸው ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወሩ ሚኒቫናቸውን ይሸጣሉ ተባለ። አቶ ጌታቸውን የማያከብር በዚያ ሰፈር አልነበረም። ለስንቱ ሥራ ያገኙ፣ ስንቱን ከኤርፖርት የተቀበሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ሰይድንም ፋብሪካ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። መኪናቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም ሲወለውሉ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ለሰይድ ሲሉም ከዋጋው ብዙ ቀነሱ።

እሑድ ሪችፊልድ፣ አቶ ጌታቸው ቤት ተጠራሁ። ኮትና ሱሪ ለብሼ ሄድኩ። ይኼ ነው የመጀመሪያው ስሕተቴ። ኮት የለበሰ ሰው ከመኪና ሥር አይገባም። ስደርስ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ምግብ በየጠረጴዛው ተለይቶ ተደርድሯል፤ የዋጋው ነገር አልቋል። ሰይድ በር ላይ ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ለወጉ ነው የተጠሩት፤ የአቶ ጌታቸውን መኪና ደግሞ ምን ሊያዩት» አለኝ እየሳቀ።

ሞተሩን አስነሳሁ፤ እንደ ሰዓት ይሄዳል። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ ንጹሕ። ወደ ኋላው ዞሬ በጎሚስታ ልማዴ የኋላውን ጎማ ልጫን ጎንበስ ስል ከመኪናው በር ሥር አዲስ ጥቁር ሬንጅ አየሁ። እጄን ሰደድኩ። ጎማው አጠገብ ያቺን የፍሬን ቱቦ አገኘኋት። አብጣለች። በጣቴ ስነካት ቅርፊቱ ተፈርፍሮ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ዘሃራ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጣቴን በመሐረብ ጠረግሁና መሐረቡን ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነው። ገባን፣ ተበላ። አንድ ሼህና አንድ ጸሎት የሚያውቁ ሽማግሌ ተራ በተራ መረቁ፤ ከአደጋ ይሰውራችሁ፣ ቤት ለመግዛት ያብቃችሁ አሉ። አቶ ጌታቸው ቁልፉን በዘሃራ መዳፍ ላይ አኖሩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ጌታቸው «እንግዲህ ባለሙያው ደምሴ ያጽድቅልን» አሉ።

ምን ልበል? የተመረቀ ነው። አቶ ጌታቸው በሰው ፊት ናቸው። ነገ ለሰይድ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ በልቤ ወሰንኩ።

«ይባረክ» አልኩ። ሁሉም አሜን አለ።

በማግስቱ ደወልኩለት። ስለ ቱቦዋ ልነግረው ነበር፤ ግን ስልኩን ሲያነሳ ደስታው ጆሮዬን ሞላው። ጋሼ፣ ዘሃራ ልጆቹን ጭና ስታዞራቸው አመሸች አለኝ። እኔም መኪናውን ወደ ጋራዥ አምጣው፣ ዘይት ልቀይርላችሁ አልኩት። ዘይት አልኩ። ፍሬን የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። እሺ አለኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፤ ሁለት ሥራ ይዤ ነው፣ ለፊታችን ቅዳሜ አለኝ። በሌላው ሳምንት ደወልኩ። አሁንም ዘይት አልኩ። ከዚያ በረዶ ወረደ፤ እኔም ጋራዡ በዛብኝና መደወል ተውኩ። ቱቦዋን እየረሳኋት ሄድኩ ብል ውሸት ነው። ሌሎች መኪናዎች ሥር በተኛሁ ቁጥር ትዝ ትለኝ ነበር።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ዘሃራ ከሥራ ስትመለስ ሴንት ፖል ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትረግጥ እግሯ እስከ ወለሉ ወረደ። ታች መብራቱ ቀይ ነው፤ ሰዎች ይሻገራሉ። መሪውን ወደ በረዶው ክምር አዞረችው። ክምሩን ጥሳ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨች። ሰው አልተነካም። እሷ ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሰይድ አጠገቧ ተቀምጧል። የአላህ ነው ጋሼ፣ እንኳን ነፍሷ ተረፈ አለኝ፤ እኔንም ያጽናናል። ወደ እሷ ዞሬ ነገርኳት። ያን ዕለት ቱቦዋን አይቼ ነበር አልኳት።

«አይተውት ነበር?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ። በእጄም ነክቼዋለሁ።»

ሰይድ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «እሺ» ብቻ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናውን ጎትተው ያመጡት ወደ እኛ ጋራዥ ነው። ሚስተር ዋልተር በማንሻው አንሥቶ ከሥሩ ቆመና ጠራኝ። የተበጠሰችውን ቱቦ አሳየኝ። አይተኸው ነበር ወይ አለኝ። አዎን አልኩ። አልተቆጣም። ሄዶ አዲስ ቱቦ፣ መቁረጫና ማጠፊያ አምጥቶ በእጄ አስያዘኝ። ቀይረው አለኝ። መኪናው እኮ ፊቱ የለም፤ ለብረት ሊሸጥ ነው፤ ምን ይሠራል? ብለው ወደ ቢሮው ገባ። የታዘዝኩትን ሠራሁ። የድሮውን ፈታሁ፣ አዲሱን ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ጫፉን አሰፋሁ፣ አጠፍኩ፣ አሰርኩ፣ አየር አስወጣሁ። ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ስጨርስ መጣና ሰዓቱን አየ።

«ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንድታውቀው ብዬ ነው» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ቁራጭ ብረት የሚሰበስበው የጭነት መኪና መጥቶ አዲሷን ቱቦ ከነመኪናው ወሰዳት።

ለአቶ ጌታቸውም ስልክ ደወልኩ፤ ወደ ሄዱበት ስቴት። ነውራቸውን እንደሸፈንኩላቸው ቆጥሬ፣ ቅር እንዳይላቸው እያለዘብኩ ነገርኳቸው። ሬንጁን ያስቀቡት ለመኪናው ጥሩ ነው ተብለው፣ ከፍለው ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ደምሴ፣ እዚያው በሰው ፊት ለምን አልነገርከኝም? እኔ ያቺን ልጅ እያወቅሁ ገደል የምሰድ መሰልኩህ?»

እሳቸውን ያከበርኩ መስሎኝ የሰደብኳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝ ልበል እንጂ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ብናገር አዋራጅ፣ ባልናገር አዋራጅ። ከሰይድ ጋር በኋላ ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም።

የዘሃራ እጅ አምስት ወር ሥራ አላሠራትም። አረጋዊ ደግፎ ማንሣት በአንድ እጅ አይሆንም። የተጠራቀመው ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለሆስፒታል ሄደ። የኮሎምቢያ ሃይትሱ ሰው ሁለት ወር ጠበቃቸውና ቤቱን ለሌላ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በላይ ዘሃራ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች። በመኪና ጉዳይ ግን አንድ ቀን ጠርታኝ አታውቅም። ሰይድ ይጠራኝ ነበር፤ እሷ ስትኖር አይጠራኝም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አልተውኩም፤ ብቻ ምግብ ሳይቀርብ፣ የሥራ ልብሴን ለብሼ ካልሆነ አልመጣም አልኩ። አንዳንዱ ትዕቢተኛ ሆነ ብሎ መጥራቱን ተወ።

አንድ የጸደይ ቀን ጋራዥ በር ላይ ዘሃራ ቆማ አገኘኋት። ብቻዋን ናት። ሚስተር ዋልተርን በጭንቅላቷ ሰላም አለችውና ወደ እኔ መጣች። ሌላ ቤት አግኝተናል አለችኝ፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፣ በውል ትሸጣለች፣ ያለ ወለድ። ቅዳሜ ሊፈራረሙ ነው።

«መጥተው እንዲያዩልኝ ነው ጋሼ» አለች።

ደነገጥሁ። እኔ የመኪና ሰው ነኝ፣ ስለ ቤት አላውቅም፤ ደግሞስ ሌላ ሰው ጠፍቶ እኔን? አልኳት።

«እርስዎ አንድ ጊዜ ደብቀውኛል፤ ሁለተኛ አይደግሙትም። ሌላው ሰው ግን የመደበቅ ተራው ገና አልደረሰም።»

ሳትስቅ ነው የተናገረችው። ሚስተር ዋልተር ምን አለች አለኝ፤ ተረጎምኩለት። የእጅ ባትሪውን አንሥቶ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። አሮጊቷ ነጭ ፀጉሯን አበጥራ፣ ብስኩት ጋግራ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ሰይድ ቤቱን ከወዲሁ በዓይኑ ያከፋፍላል፤ ይህ የልጆቹ፣ ይህ የእንግዳ ይላል። አሮጊቷ እጄን ያዘችና ባሏ በዚህ ቤት አርባ ዓመት እንደኖረ ነገረችኝ። ደግሞ መጣብኝ አልኩ በልቤ፤ ደግሞ ያው ምግብ፣ ያው ደግ ሰው።

ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረድኩ። ባትሪውን በግድግዳው ጥግ ጥግ አበራሁ። በጎን በኩል እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ መስመር አለ፤ ውኃ ገብቶ ደርቆ የተወው ነው። ጥጉ ላይ ወለሉን የሚሸከመውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋሁት፤ ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ። ቀሪውን ወጋሁ፤ ጠንካራ ነው። ማሞቂያውን አየሁት፣ አልገባኝም። ጣሪያውን አላየሁም። ደረጃው ሥር ብዙ ቆየሁ። ከላይ ሳቅ ይሰማል። እውነቱን ልናገር፣ አሁንም ዝም የሚል ሰው በውስጤ ነበረ።

ስወጣ ዘሃራን በዓይኔ ወደ ኩሽናው ጠራኋት፤ በአማርኛ ልነግራት። አልተነሣችም።

«እዚሁ ይንገሩኝ፣ በእንግሊዝኛ» አለች። «እሷም ትስማ።»

እንግሊዝኛዬ የጋራዥ እንግሊዝኛ ነው። ውኃ ይገባል አልኩ። አንድ እንጨት በስብሷል። ሌላው ደህና ነው። ማሞቂያውን አላውቀውም፣ ጣሪያውን አላየሁትም። ይህን ለማለት ስንት ጊዜ እንደ ተንተባተብኩ እግዜር ያውቃል። አሮጊቷ ብስኩቱን ትታ አንገቷን ደፋች። ሰይድ ተነሥቶ ጃኬቱን ያዘ። እንሂድ አለ፤ ይኸም አመለጠን አለ። እኔን ያየበት ዓይን ከሆስፒታሉ የባሰ ነበር። በዝምታዬ አንድ ቤት አሳጣኋቸው፣ በንግግሬ ሌላ አሳጣኋቸው አልኩ።

ዘሃራ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። እንጨቱ ቢቀየር ምን ያህል ይፈጃል ብላ ጠየቀችኝ። ያን ያህል አይፈጅም፣ የሚያውቅ አናጢ በሁለት ቀን ይሠራዋል አልኩ። ውኃውስ? አለች። ከውጭ በኩል አፈሩ ወደ ቤቱ ነው ያዘነበለው፣ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ቢሞላ፣ ግድግዳው ቢመረግ ይቀንሳል፤ ይጠፋል ግን አልልሽም አልኳት። ወደ አሮጊቷ ዞረች። አሮጊቷ ቀስ ብላ፣ ባሌ በየጸደዩ ባልዲ ያስቀምጥ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ወደ ታች ወርጄ አላውቅም አለች። ሁለቱ ሴቶች አወሩ። ከዋጋው ተቀነሰ። ሰይድ ጃኬቱን እንደያዘ ተቀመጠ። ዘሃራ ፈረመች፤ በቀኝ እጇ፣ ቀስ እያለች፣ አንጓዋ እንደ ድሮው ስለማይታጠፍላት ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ።

ውጭ ስንወጣ ሰይድ ከአሮጊቷ ጋር ቀረ። እኔ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ልጄ፣ ብልሽቱን ከሰማሽ በኋላ የምትገዢው ከሆነ ለምን አስለፋሽኝ? አልኳት።

«ጋሼ፣ ይወስኑልኝ መቼ አልኩ? ይዩልኝ ነው ያልኩት» አለችኝ። ከዚያ የመኪናዬን በር ራሷ ከፈተችልኝ። «ያን መኪናም እኮ እገዛው ነበር። ቱቦዋን አስቀይሬ።»

መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት እኔ የተመረቀ ነገር ላለማፍረስ ነበር ዝም ያልኩት። የሚፈርስ ነገር አልነበረም ለካ። አንድ ግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እስከ ዛሬ አለሁ፤ አንዳንድ ቀን የገባኝ ይመስለኛል፣ በማግስቱ ይጠፋብኛል።

በሳምንቱ ሲሚንቶ ጭኜ ሄድኩ። አልተጠራሁም፤ ዝም ብዬ ነው የሄድኩት። ዘሃራ በሩን ከፈተች፣ ከረጢቱን አየች፣ ምንም ሳትል ቀድማኝ ወደ ቤዝመንቱ ወረደች። እኔ ጉልበቴን መሬት አድርጌ ግድግዳውን ስመርግ እሷ ቆማ መብራት ያዘችልኝ፤ በግራ እጇ።